አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም፦ የአንድ ፈርን ስም ታሪክና የየካ ኮረብታ



 የታሪክ መምህር ስለ ፈርን ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድን ተክል አይቶ «ይህ እገሌ ነው» ማለት የታሪክ ሰው አንድን ብራና አገላብጦ «ይህ በእገሌ ዘመን፣ በእገሌ እጅ ተጻፈ» ከማለት ብዙ የሚርቅ ሥራ አይደለም። ሁለቱም ምልክት ያነባሉ፤ ሁለቱም ከእነሱ በፊት የነበሩ አንባቢዎች ባቆዩላቸው ልማድ ላይ ይቆማሉ፤ ሁለቱም ምንጫቸው ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ።

የዛሬው ንግግሬ የሚያጠነጥነው በአንድ ተክል ዙሪያ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም ይባላል። ስሙን የሰማ ሁሉ ከእኛ አገር ተሰብስቦ፣ ከእኛ አገር ናሙና ተነሥቶ የተሰየመ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ይህ ስም እንዴት እንደ ተሰጠ፣ ተክሉ የሚታወቅባቸው አካላዊ ምልክቶች ከየት እንደ መጡ፣ የአገራችን ፈርኖች በመጽሐፍ ለመስፈር ለምን እንደ ዘገዩ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ከመሪ በላይ ላለው ለየካ ኮረብታ ምን ትርጉም እንዳለው በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈርን እንዴት ይታወቃል?

ፈርን አበባም ፍሬም ዘርም የለውም። አበባ ያለውን ተክል ለመለየት የለመድናቸው ዋና ዋና መንገዶች፣ የአበባው ቅጠሎች ብዛት፣ የፍሬው ዓይነት፣ የዘሩ ቅርጽ፣ እዚህ አይሠሩም። የሚቀረው ቅጠሉ፣ ግንዱና ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ነገር ነው።

አንድ ተማሪ ከመሪ ሽቅብ ወደ የካ ኮረብታ ወጥቶ፣ በጥላ ውስጥ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ላይ ፈርን አገኘ እንበል። መጀመሪያ የሚያደርገው ቅጠሉን መገልበጥ ነው። ከጀርባው ቡናማ ነጥቦች ወይም መስመሮች ካሉ ቅጠሉ ለአቅመ መራባት ደርሷል፤ እነዚያ የስፖር ከረጢቶች ክምችቶች ናቸው። ስፖሩ ደግሞ ከአቧራ የማይበልጥ፣ ነፋስ የሚወስደው የመራቢያ ሕዋስ ነው። ብዙ ሰው ክምችቶቹን በሽታ ወይም የነፍሳት እንቁላል አድርጎ ይወስዳቸዋል። የመለየት ሥራ የሚጀምረው ግን ከእነሱ ነው።

የክምችቶቹ ቅርጽና ቦታ ወገኑን ይናገራል። ክምችቱ በቅጠሉ ጠርዝ ዙሪያ ሆኖ ጠርዙ ራሱ ታጥፎ የሸፈነው ከሆነ ከፕቴሪስና ከዘመዶቹ መካከል እንፈልጋለን። የቅጠሉ አገዳ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ ቅጠሎቹ ስስና እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ ክምችቱም በታጠፉ ትናንሽ የጠርዝ ከንፈሮች ሥር ከሆነ አዲያንቱም ነው። የቅጠሉ ጀርባ ዱቄት የተነሰነሰበት ያህል ነጭ ከሆነ፣ ኬይላንቴስ ፋሪኖሳ ይባል የነበረውን፣ ዛሬ አሌዩሪቶፕቴሪስ ወደሚባለው ወገን የተዛወረውን ዝርያ እናስባለን፤ «ፋሪኖሳ» ማለት ራሱ ዱቄታም ማለት ነው። ክምችቱ ክብ ሆኖ የኩላሊት ቅርጽ ባለው ስስ ሽፋን ከተከደነ ድሪዮፕቴሪስ ነው። ቅጠሉ ያልተከፋፈለ፣ በዛፍ ቅርፊት ላይ የሚያድግ፣ ክምችቶቹም ትልልቅና ክብ ከሆኑ ፕሌዎፔልቲስ ሊሆን ይችላል።

ክምችቱ እንደ ጭረት የረዘመ፣ በቅጠሉ ሥር ላይ ተከትሎ የተኛ፣ በአንድ ወገን ብቻ በሚከፈት ስስ ሽፋን የተሸፈነ ከሆነ ግን የያዝነው አስፕሌኒየም ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሁለተኛ ምስክር አለ። ከግንደ ሥሩና ከአገዳው ግርጌ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቅርፊቶች በአጉሊ መነጽር ስናይ የሕዋሶቹ ግድግዳ ጥቁርና ወፍራም፣ መካከሉ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ እንደ መስኮት ፍርግርግ ይታያል። ይህ ፍርግርግ የአስፕሌኒየም ቤተሰብ ማኅተም ነው።

ከዚያ ወደ ዝርያው እንወርዳለን። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም ግንደ ሥሩ አጭር ነው፤ ጥቅጥቅ ባሉ፣ ጫፋቸው እንደ ጠጉር በቀጠነ ጠቆር ያሉ ቅርፊቶች ይሸፈናል። አገዳው ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ቡናማ ነው። ቅጠሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ ከመካከለኛው አገዳ ግራና ቀኝ የሚወጡት ንዑሳን ቅጠሎች እንደገና ይከፋፈላሉ፣ የመጨረሻዎቹ ክፍሎችም እንደ ሽብልቅ ከግርጌ ጠበው ወደ ጫፍ ሰፍተው በጥርሶች ያበቃሉ። ጭረቶቹ በእነዚህ ሽብልቆች ጀርባ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። በመሬት፣ በድንጋይም ሆነ በዛፍ ግንድ ላይ ሊያድግ ይችላል።

ምልክቶቹ ራሳቸው ታሪክ አላቸው

አሁን የዘረዘርኳቸውን ምልክቶች ስንማር ከተፈጥሮ የተነበቡ ያህል አድርገን ነው። እያንዳንዳቸው ግን ምልክት የሆኑበት ዘመን አለ።

ፈርን ያለ አበባና ያለ ፍሬ መራባቱ ለብዙ ዘመናት የአውሮፓን ሊቃውንት ያስጨንቅ ነበር። ሕዝቡ የፈርን ዘር የማይታይ ነው፣ ያገኘውንም ሰው እንዳይታይ ያደርገዋል ብሎ ያምን ነበር። ካርል ሊኒየስ ዕፅዋትን ሁሉ በመራቢያ አካላቸው ሲመድብ፣ ፈርኖችን ከአልጌ፣ ከሞስና ከፈንገስ ጋር አንድ ላይ በመጨረሻው፣ በ24ኛው ክፍል አስቀመጣቸው። ለክፍሉ የሰጠው ስም «ስውር ጋብቻ» የሚል ትርጉም አለው። በ1753 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ግን የፈርን ወገኖችን የለየው ከቅጠሉ ጀርባ ባለው የክምችት ቅርጽና ቦታ ነው። ጭረቱ የአስፕሌኒየም ምልክት የሆነው ያን ጊዜ ነው።

በ1793 እንግሊዛዊው ጄምስ ኤድዋርድ ስሚዝ ክምችቱን የሚከድነው ስስ ሽፋንና የሚከፈትበት አቅጣጫ ከክምችቱ ቅርጽ እኩል መታየት እንዳለበት አስተማረ። በ1794 በጃማይካ የነበረው ሐኪም ጆን ሊንድሴ ያንን አቧራ ዘርቶ ማብቀሉን የሚገልጽ ጽሑፉ ታተመ። በ1836 የቦሄሚያው ሊቅ ካሬል ፕሬስል የቅጠል ሥሮችን አካሄድ የመለያ መሠረት አደረገ። በ1848 ሌሽቺች ሱሚንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ፣ ስፖሩ መጀመሪያ የሚያበቅለው የጥፍር ያህል አረንጓዴ ቅጠል እንደ ሆነ፣ የወንድና የሴት አካላትም በዚያ ላይ እንዳሉ አሳየ። ሆፍማይስተር በ1851 ይህን ከሌሎች ዕፅዋት ጋር አነጻጽሮ የሁለት ትውልዶችን መፈራረቅ አስረዳ። «ስውሩ ጋብቻ» የተገለጠው ሊኒየስ ስሙን ካወጣለት አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለአንድ ነጥብ ነው። የ1768 ሰው ያየው ፈርን የ1793 ሰው ካየው ጋር አንድ ተክል ቢሆንም የሚያነቡበት ፊደል የተለያየ ነበር። የድሮ ስሞችን ስንመረምር ይህን መዘንጋት የለብንም።

«ኤቲዮፒኩም» ከየት መጣ?

ወደ ስሙ ልመለስ። በ1768 በሆላንድ ኒኮላስ ሎረንስ ቡርማን ስለ ሕንድ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ጫፍ ላይ ስለ ኬፕ ዕፅዋት፣ ማለትም ስለ ዛሬዋ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ አጭር ዝርዝር አከለ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ትሪኮማኔስ ኤቲዮፒኩም ብሎ የሰየመው ፈርን አለ። ናሙናው የመጣው ከኬፕ ነው። ቡርማን ያስገባበት ወገን ዛሬ ክምችታቸው በቅጠል ጠርዝ ላይ በጽዋ የሚቀመጥ ፈርኖች የሚጠሩበት ነው።

ታዲያ የኬፕ ተክል እንዴት «ኢትዮጵያዊ» ተባለ? በዚያ ዘመን በላቲን ይጽፉ የነበሩ ሊቃውንት «ኤቲዮፒያ» ሲሉ ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በጅምላ፣ ብዙ ጊዜም በተለይ ኬፕን ማለታቸው ነበር። ሊኒየስ በ1753 ካላ ኤቲዮፒካ ያለው፣ ዛሬ ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ የሚባለው ነጭ አበባም አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። የእኛን አገር አውሮፓውያን በዚያን ጊዜ የሚጠሩት «አቢሲኒያ» እያሉ ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው አጭር ምክር አለ፦ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስም ላይ «ኤቲዮፒካ» የሚል ካያችሁ በመጀመሪያ ኬፕን ጠርጥሩ፤ «አቢሲኒካ» የሚል ካያችሁ ግን ወደ አገራችሁ ተመልከቱ። የኮሶ ሳይንሳዊ ስም ሃጌኒያ አቢሲኒካ፣ የኑግም ጉዊዞቲያ አቢሲኒካ መሆኑን ልብ በሉ።

የፈርናችን ጉዞ በዚህ አላበቃም። ስዊድናዊው ቱንበርግ በ1772 ኬፕ ደርሶ ሦስት ዓመት ያህል ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆየ፤ በ1800 ባሳተመው ሥራ አስፕሌኒየም ፉርካቱም ብሎ ሰየመው። ሌሎች ደግሞ ስዋርትዝ በ1788 ከጃማይካ ናሙና ለገለጸው ለአስፕሌኒየም ፕሬሞርሱም በሰጠው ስም ሲጠሩት ኖሩ። ያረጀው የቡርማን ስም ተረስቶ ቆይቶ፣ በ1935 ስዊዘርላንዳዊው ቤኸረር ቀደምትነቱን መሠረት አድርጎ ወደ ትክክለኛው ወገን አዛወረውና አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም አለው። በዕፅዋት ስያሜ ሕግ በመጀመሪያ በአግባቡ የታተመ የዝርያ ስም ይጸናል፤ ሰያሚው አገሩን ያወቀ ይሁን አይሁን አይጠየቅም።

ነገሩን የሚያስደንቅ የሚያደርገው ተክሉ በእርግጥም በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች መገኘቱ ነው። የፈርን ስፖር በነፋስ እጅግ ሩቅ ይጓዛል፤ ስለዚህ አንድ ዝርያ ከኬፕ ተራሮች እስከ እኛ ደጋ በየተራራው ተንጠባጥቦ ሊገኝ ይችላል። ስሙ የኬፕን ተክል ሊጠራ ወጥቶ ሳያስበው እውነተኛ ሆነ። የታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ስም ብቻውን የምንጭ ማስረጃ እንደማይሆን ነው። ስሙን የሸከመው ናሙና ከየት እንደ ተቆረጠ መጠየቅ የግድ ነው።

«አቢሲኒካ»፦ የሰብሳቢዎች ዘመን

ከእኛ አገር የተሰበሰቡ ዕፅዋት በአውሮፓ የዕፅዋት መጻሕፍት በብዛት መታየት የጀመሩት ዘግይተው ነው። በ1763 በየመን የሞተው ፔር ፎርስኮል ኢትዮጵያን አልረገጠም፤ ነገር ግን ኒቡር በ1775 ባሳተመለት መጽሐፍ ውስጥ የተገለጹት የየመን ደጋ ፈርኖች፣ ከእነሱም አንዱ ቅድም ያነሣሁት ዱቄታሙ ዝርያ፣ በእኛም ደጋ የሚበቅሉ ናቸው። ቀይ ባሕር ለነጋዴና ለመርከብ ድንበር ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ለስፖር ግን ድንበር አልነበረም።

ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገራችን ቆየ። ዕፅዋቱን የሣለለት ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞተ፤ ብሩስም በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ የሠዓሊውን ድርሻ አሳንሶ አቀረበው። ኮሶን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ያ መጽሐፍ ነው። እዚህ ላይ ከፈርን ጋር የሚያገናኝ ነገር አለ፦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የኮሶ ትል ማስወጫ ሆነው ጎን ለጎን ይሸጡ ከነበሩት አንዱ የእኛው ኮሶ፣ ሌላው የአንድ ድሪዮፕቴሪስ ግንደ ሥር ነበር።

ትልቁ ሰብሳቢ ግን ጀርመናዊው ጊዮርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። በ1837 መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት አርባ ዓመት ያህል በትግራይና በአካባቢው ኖረ። አገር ቤት አግብቶ ወለደ፤ በደጃዝማች ውቤ ዘመን የእንትጮ ሹም ሆነ፤ ውቤ በ1855 በካሣ፣ በኋላ በአፄ ቴዎድሮስ፣ ሲሸነፉ ሹመቱን አጣ፤ በ1868 መቅደላ ላይ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱም እርሱ ነበር። መጀመሪያ ይሰበስብ የነበረው በኤስሊንገን ለተቋቋመ ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባላት ድርሻቸውን እየከፈሉ የደረቁ ዕፅዋት ይደርሳቸው ነበር። ስለዚህ ከአንድ ተክል ብዙ ናሙና ተቆርጦ፣ አንድ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ተበተነ።

ይህ የንግድ አሠራር ሳይታሰብ ለሳይንስ መድን ሆነ። በመጋቢት 1943 የበርሊን ሄርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል እጅግ ብዙ ናሙናዎች ወደሙ፤ የሺምፐር ቁጥሮች ግን ቅጂያቸው በሌሎች ከተሞች ስላለ ዛሬም ይመረመራሉ። በብዙ ቅጂ የተገለበጠ መጽሐፍ አንዱ ደብር ቢቃጠል ከሌላው እንደሚገኝ ማለት ነው። ድሪዮፕቴሪስ ሺምፔሪያና የተባለው ፈርን የእርሱን ስም ይዟል፤ መነሻው በ1841 የታተመ መግለጫ ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ያሳዩትን፣ ገደል ወርደው የቆረጡትን፣ የአገሩን ስም የነገሩትን ሰዎች ስም መለያ ወረቀቶቹ አይጠቅሱም። ለታሪክ ምሁራን የቀረ ሥራ አንዱ ይህ ነው፤ ሺምፐር በ1860ዎቹ የጻፋቸው የእጅ ጽሑፎች በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ ለጥናቱ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ፈረንሳውያኑም ዋጋ ከፍለዋል። ከሌፌቭር ጋር ከመጡት ሁለት ሐኪሞችና የዕፅዋት ሰብሳቢዎች ካርቴን ዲዮን በ1840 በበሽታ ሞተ፤ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ፓሪስ ደርሶ አሺል ሪሻር ከ1847 ጀምሮ ላሳተመው «የአቢሲኒያ ዕፅዋት ሙከራ» መሠረት ሆነ። የአገራችንን ዕፅዋት በአንድ ሥራ ለመያዝ የተደረገ የመጀመሪያው ትልቅ ጥረት ይህ ነው።

ቁጥሩ አንድ፣ ተራው መጨረሻ

በ1937 ጣሊያን አገራችንን በወረራ ይዛ ሳለች የጣሊያን አካዳሚ በጂዮቶ ዳይኔሊ መሪነት ወደ ጣና ሐይቅ የጥናት ቡድን ላከ። አዲስ አበባ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተመታችበት፣ ደብረ ሊባኖስ የደማችበት ዓመት ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ የ25 ዓመቱ ሮዶልፎ ፒኪ ሴርሞሊ ነበር። ይህ ወጣት ኋላ በፈርን ጥናት በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት ሊቃውንት አንዱ ሆነ፤ በ1977 የፈርን ወገኖችን በሥርዓት የሚያደራጅ ሰፊ ሥራ አሳተመ። ዕውቀቱን እንጠቀምበታለን፤ ዕውቀቱ የተጀመረበትን መንገድ ማን እንደ ጠረገውና በማን ደም እንደ ተጠረገም አብረን እንናገራለን። አንዱን ለማንሣት ሌላውን መሸሸግ አያስፈልግም።

ከነጻነት በኋላ ኦስትሪያዊው ኩፎዶንቲስ ከ1953 እስከ 1972 የኢትዮጵያን ዕፅዋት ዝርዝር በተከታታይ አሳተመ። ለትውልድ ያገለገለ ሥራ ነው። ርዕሱ ግን «ዘር ያላቸው ዕፅዋት» ብሎ ይገድበዋል። ፈርኖች ዘር ስለሌላቸው ከዝርዝሩ ውጭ ቀሩ። ሊኒየስ በመጨረሻው ክፍል ያስቀመጣቸው ዕፅዋት፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ከደጅ ነበሩ።

በ1959 ብሔራዊ ሄርባሪየም በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ በአራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ይገኛል። በ1980 የኢትዮጵያ ዕፅዋት ፕሮጀክት በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሪነት፣ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርና በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ተጀመረ። ኋላ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ለረጅም ዓመታት መሩት፤ ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ፣ ዶክተር መስፍን ታደሰ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ከኡፕሳላም ኢንጋ ሄድበርግና ሌሎችም ደከሙበት። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል የታተመው በ1989 ነው፤ በጽሑፉ ቅደም ተከተል ግን ሦስተኛው ቅጽ ነበር። ሥራው በ2009 ሲጠናቀቅ ከ6,000 በላይ ዝርያዎችን ይዟል።

ፈርኖች የሚገኙት በቅጽ 1 ነው፤ ቅጽ 1 የታተመው ደግሞ በመጨረሻው ዓመት፣ በ2009 ነው። በቁጥር አንደኛ፣ በተራ መጨረሻ። ለዚህ መዘግየት ማንንም አልወቅስም፤ የፈርን ባለሙያ በየትም አገር ጥቂት ነው፣ ሰብሳቢም ብዙ ጊዜ እጁ ወደ አበባ ይሄዳል። ነገር ግን መዘግየቱ ዋጋ አለው። የአገሪቱ ፈርኖች በአንድ ጥራዝ ተሟልተው ለተማሪ የቀረቡበት ጊዜ፣ ብዙዎቹ የመሐል አገር ደኖች አስቀድመው ከተመነጠሩ በኋላ ሆነ።

የየካ ኮረብታ ጥያቄ

አሁን ወደ ቅርባችን ልምጣ። የእንጦጦ ሰንሰለት ከፍተኛው ቦታ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የካ የሰንሰለቱ ምሥራቃዊ ክንድ ነው። ተፈጥሯዊ ልብሱ ደረቅ የደጋ ደን ነበር፤ ጥድና ወይራ የሚገዙት። ምኒልክ በ1880ዎቹ መጀመሪያ መቀመጫቸውን እንጦጦ አደረጉ፤ በ1886 እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ቆረቆሩ። የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ፍላጎት ደኑን ፈጥኖ በላው፤ እስከዚያ ድረስ በ1900 ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ መጣ። ከተማይቱን በቦታዋ ያጸናት በ1890ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ከመሪ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያየው አረንጓዴ በአመዛኙ ያ እንግዳ ዛፍ ነው። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶችም ኑሯቸው የታሰረው በእርሱ ነው፤ ስለዚህ ባሕር ዛፍን በአንድ ቃል መኮነን ለእኔ አይቻለኝም።

ለፈርን ግን ጉዳዩ የውኃ ጉዳይ ነው። ስፖሩ የሚያበቅለው ያ የጥፍር ያህል ቅጠል ሥርና ወፍራም ቆዳ የለውም፤ የወንዱም ሕዋስ ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው በውኃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ጥላ ሲነሣ፣ ምንጭ ሲደርቅ፣ የበሰለው ቅጠል ለጥቂት ዓመታት ቢቆይ እንኳ ልጅ አያፈራም። ፈርን ያለበት የድንጋይ ስንጥቅ እርጥበት የሰነበተበት ስንጥቅ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ኮረብታ ላይ የትኞቹ ፈርኖች እንደ ነበሩና የትኞቹ እንደ ቀሩ ማወቅ የኮረብታውን ውኃ ታሪክ ማወቅ ነው።

ታዲያ መጽሐፉ ይነግረናል? በከፊል ብቻ። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የዝርያዎችን ሥርጭት የሚገልጸው በቀድሞ ክፍላተ ሀገር ላይ በተመሠረቱ ሰፋፊ ክልሎች ነው። የካና መሪ «የሸዋ ደጋ» በሚለው ውስጥ ይጠቃለላሉ። አንድ ፈርን በሸዋ ደጋ አለ ከተባለ በየካ አለ ማለት አይደለም፤ በመናገሻ ሱባ ወይም በወፍ ዋሻ ሊሆን ይችላል። ስለ የካ የሚመሰክረው ከየካ የተቆረጠ፣ የደረቀ፣ ቀኑና ቦታው የተጻፈበት ናሙና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪና የዕፅዋት ተማሪ መገናኘት አለባቸው። የቆየ መለያ ወረቀት «ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በምሥራቅ» ሊል ይችላል። «አዲስ አበባ» የሚለው ስም ግን በ1900ም በ1960ም ዛሬም የሚያመለክተው የተለያየ ወሰን ነው። መሪ ትናንት ማሳ ነበር፤ ዛሬ መንደርና መንገድ ነው። ያንን ወረቀት ወደ ትክክለኛው ሸለቆ ለመመለስ የመሬት ሰነድ፣ የድሮ ካርታ፣ የደብር ስምና የሽማግሌ ቃል ያስፈልጋል። ይህ የእኛ ሙያ ነው። በሌላ በኩል ዛሬ ናሙና የሚይዝ ተማሪ «መሪ» ብሎ ብቻ ቢጽፍ የነገውን ተመራማሪ በዚያው ጨለማ ይተወዋል። ከፍታው፣ ተዳፋቱ የሚያይበት አቅጣጫ፣ ተክሉ በድንጋይ ላይ ይሁን በዛፍ፣ ጥላው የምን ዛፍ እንደ ሆነ፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር፣ መንገድ የመራውም ሰው ስም ከእነፈቃዱ ይጻፍ። ቅጠሉም ከጀርባው ክምችቶቹ እንዲታዩ ተገልብጦ፣ ከግንደ ሥሩና ከቅርፊቶቹ ጋር ይያዝ፤ የተክሉ ቁጥር ጥቂት ከሆነ ግን ሥሩን መንቀል አይገባም፤ አንድ ቅጠል፣ ጥቂት ቅርፊትና ጥሩ ፎቶግራፍ ይበቃሉ።

አካላዊ ምልክት ወሰን እንዳለውም መናገር ይገባኛል። አስፕሌኒየም ኤቲዮፒኩም የምንለው ራሱ የክሮሞዞም ብዛታቸው በእጥፍ እየጨመረ የሚለያዩ፣ በዓይን ግን እጅግ የሚመሳሰሉ ተክሎችን የያዘ ስብስብ ነው። በዓለም ላይ ያሉት 12,000 ያህል የፈርንና የዘመዶቹ ዝርያዎች በ2016 እንደገና የተመደቡት በዘረ መል ጥናት ጭምር ነው፤ ነገ ይህ ስም ሊከፈል ይችላል። ይህ ግን ናሙናውን ከንቱ አያደርገውም። እንዲያውም ስሙ ሲለወጥ ተመልሰን የምንጠይቀው እርሱን ነው። ቡርማን ተሳስቶ ያስገባበትን ወገን ቤኸረር ማረም የቻለው ምስክሩ ስለ ነበረ ነው።

ክቡራን፤ በዚህ ንግግር የጠቀስኳቸው ስሞች አብዛኞቹ ከሩቅ የመጡ ናቸው። ከኬፕ የመጣ ስም፣ በፓሪስ የታተመ ሙከራ፣ በብራስልስ የወጣ ዝርዝር አይተናል። ከ1980 ወዲህ የመጣው ለውጥ የአገራችን ልጆች የአገራቸውን ዕፅዋት ራሳቸው ለይተው፣ ናሙናውን እዚሁ አራት ኪሎ ማስቀመጣቸው ነው። የተጀመረው መጽሐፍ አልቋል፤ የየኮረብታው መዝገብ ግን ገና ባዶ ነው። የየካ ሸለቆዎች በመንገድና በቤት ከመሞላታቸው በፊት ይህን መዝገብ መጻፍ የሚችሉት ከዚህ አዳራሽ በእግር ወይም በታክሲ እዚያ የሚደርሱት፣ እናንተ ተማሪዎች ናችሁ። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ መጥፋቱን የሚያውቅ አይኖርም።